ዕድሜ የሚያስምር፣ ዕድሜ የሚያስቀጣ

አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1970 የንጹሕ አየር ሕጓን ካጸደቀች ወዲህ የጭስ ማረጋገጫ የሌለው መኪና ወደቧን እንደልቡ አያልፍም። ኮፈኑ ተከፍቶ የፋብሪካው ተለጣፊ ይነበባል። ከሌለው ፈቃድ ያለው አስመጪ አስተካክሎ፣ አስፈትሾ ያስገባዋል፤ ኪስ ካለ ማለታችን ነው። የሚገርመን ግን 21 ዓመት የሞላውና ሞተሩ ያልተነካካው ከጭስ መስፈርቱ ነጻ መሆኑ ነው። ሽማግሌው እያጨሰ ያልፋል!

እኛ ጋ ተቃራኒው ሆነ። የ2012 ዓ.ም. የኤክሳይዝ አዋጅ መኪናው ባረጀ ቁጥር ታክሱን አናረው። የሚታየው የተመረተበት ዓመትና ሲሲው እንጂ ጭሱ አይለካም። በጥር 2016 ደግሞ ከኤሌክትሪክ በቀር የቤት መኪና እንደማይገባ መንግሥት አስታወቀ። ቀድመው የገቡትን አሮጌዎች ግን ይህ አይመለከታቸውም፤ እኛም ታክሲ ስንጠብቅ ጭሳቸውን እንምጋለን።