የጽሕፈት መኪናና ፊደላችን

አንድ መሣሪያ በሥራ ላይ ሳለ የሚያማርረው ይበዛል፤ ከሥራ ሲሰናበት ደግሞ የሚናፍቀው ይበዛል። የጽሕፈት መኪናም ዛሬ የደረሰው ከዚህ ደረጃ ላይ ነው። ትናንት ጣት ያደክማል፣ ጆሮ ያደነቁራል ይባል የነበረው መኪና፣ ዛሬ ቀጭ ቀጭ የሚለው ድምፁ፣ በመስመር መጨረሻ ላይ የሚያሰማው ደወልና የሪባኑ ሽታ ሳይቀር በናፍቆት ይወሳል። ይህ ናፍቆት ከምን እንደመነጨ መመርመር ለታሪክ መምህርም ሆነ ለቋንቋ መምህር ጠቃሚ ነው። ምክንያቱም ናፍቆት መርጦ ያስታውሳል፤ ታሪክ ግን የተረሳውንም ጭምር መመዝገብ አለበት።

የመኪናው አመጣጥ

በገበያ ላይ ውሎ የተሳካለት የመጀመሪያው የጽሕፈት መኪና የተወለደው በአሜሪካ፣ ሚልዋኪ በተባለችው ከተማ ነው። ክሪስቶፈር ሌተም ሾልስ የተባለ የጋዜጣ ሰው ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ሆኖ በ1868 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ። በ1873 እ.ኤ.አ. የማምረቱን ሥራ የተቀበለው ሬሚንግተን የተባለው ኩባንያ ሲሆን፣ ይኸው ኩባንያ ጠመንጃና የልብስ ስፌት መኪና ሠሪ ነበር። ስለዚህም በ1874 እ.ኤ.አ. ለገበያ የቀረበው መኪና በአበባ ሥዕል ያጌጠና የእግር መርገጫ ያለው ነበርና የስፌት መኪና ይመስል ነበር። የሚጽፈውም ትልልቆቹን የላቲን ፊደላት ብቻ ነው። ፊደሎቹ ወረቀቱን ከበታች ስለሚመቱ፣ ጸሐፊው የጻፈውን ወዲያው ለማየት አይችልም ነበር። ትልቁንም ትንሹንም ፊደል የሚጽፍ የሬሚንግተን መኪና የወጣው በ1878 እ.ኤ.አ. ነው።

እንግዲህ 26 ፊደላት ብቻ ላሉት ለእንግሊዝኛ እንኳ ይህን ያህል ድካም ካስፈለገ፣ ለግዕዝ ፊደል ምን ያህል እንደሚያስፈልግ መገመት አያዳግትም።

231 ፊደልና 44 ቁልፍ

የአማርኛ ፊደል 33 ዋና ዋና ሆሄያት እያንዳንዳቸው በሰባት ቤት ሲዘረዘሩ 231 ይሆናሉ። ዲቃሎቹና የሥርዓተ ነጥብ ምልክቶች ሲጨመሩ ቁጥሩ ከዚህም ይበልጣል። የተለመደው የጽሕፈት መኪና ግን ወደ 44 ገደማ ቁልፎች ብቻ ያሉት ሲሆን፣ አንዱ ቁልፍ ሁለት ምልክት ቢይዝ እንኳ ጠቅላላው ከ90 አይዘልም። ቁልፍ እየጨመሩ መኪናውን ማስፋት ለጣትም ለገበያም አይመችም።

ለአማርኛ የጽሕፈት መኪና በመሥራት ስማቸው በቀዳሚነት የሚነሣው ኢንጂነር አያና ብሩ ናቸው። በ20ኛው መቶ ዓመት የመጀመሪያ አጋማሽ ይህን ችግር ለመፍታት የተከተሉት መላ፣ ፊደሉን ከፋፍሎ በወረቀቱ ላይ እንደገና መገጣጠም ነበር። በኋላም በየመሥሪያ ቤቱ የተሠራጩት የኦሊቬቲ መኪናዎች በዚሁ በመገጣጠም ዘዴ ሠርተዋል። ጸሐፊው ዋናውን ፊደል ይመታል፤ በዚያው ቦታ ላይም የካዕቡን ሰረዝ ወይም የኃምሱን ቀለበት ደርቦ ይመታበታል። በዚህ ዓይነት «በ» «ቡ»ን ወይም «ቤ»ን ይሆናል።

ነገር ግን ሁሉም ፊደል እንዲህ አይታዘዝም። ከ«በ» ወደ «ባ» ስንሄድ የሚጨመር ምልክት የለም፤ የግራው እግር ያጥራል እንጂ። «ረ» ወደ «ሩ»፣ «የ» ወደ «ይ» ሲለወጡም የራሳቸውን መንገድ ይከተላሉ። በመሆኑም በመኪና የተጻፈ አማርኛ ሲታይ ሰረዙ ከእግሩ ፈንጠር ያለ፣ ቀለበቱ ወደ ታች ያዘነበለ መሆኑ የተለመደ ነበር። በቁም ጸሐፊ እጅ በብራና ላይ የተጣለውን ሆሄ ለለመደ ዓይን ይህ ጽሕፈት ደስ አያሰኝም።

ከዚህ የተነሣ በመቶ ዓመቱ አጋማሽ ላይ አንድ ትልቅ ክርክር ተነሣ። ይኸውም «ፊደሉ ለመኪናው ይስተካከል ወይስ መኪናው ለፊደሉ?» የሚል ነበር። አንዳንዶቹ ሞክሼ ፊደላት ይቀነሱ፣ የሰባቱም ቤት ምልክት አንድ ወጥ ይሁን አሉ። ሌሎቹ ደግሞ ሆሄው የቃሉን ሥርና የጽሑፉን ቅርስ ስለሚጠብቅ አይነካ ሲሉ ተከራከሩ። ክርክሩ የመኪና ብቻ ነው ብሎ ማለፍ አይቻልም፤ ለዘመናት የኖረ ሥርዓት ለአንድ ዘመን መሣሪያ ሲባል መለወጥ አለበት ወይ የሚል ጥያቄ ነውና።

ውበቱ ከየት መጣ?

የመኪናው ውበት የመነጨው ከችግሩ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም። በመኪና የተጻፈ ስሕተት በቀላሉ አይጠፋም። ሥሩ አራት አምስት ካርቦን የገባ እንደሆነም ስሕተቱ በየቅጂው ይደገማል። በዚህ ምክንያት ጸሐፊው ከመምታቱ አስቀድሞ ዓረፍተ ነገሩን በአእምሮው መጨረስ ነበረበት።

ነባር መምህራን ይህን ከስቴንስል ጋር ባደረጉት ትግል ያውቁታል። ፈተና ሲዘጋጅ ሪባኑ ከሥራ ውጭ ይደረግና ቁልፉ ሰም የተቀባውን ወረቀት በስቶ ፊደሉን ይቀርጻል፤ በማባዣው መኪና ላይ ቀለሙ የሚያልፈው በዚያው ቀዳዳ ነው። የተሳሳተውን በማረሚያ ቀለም ደፍኖ፣ እስኪደርቅ ጠብቆ እንደገና መምታት ግድ ይላል። ጥያቄው አስቀድሞ በእጅ ተረቅቆ፣ ታርሞና በባልደረባ ተነቦ ካልሆነ በቀር ወደ ስቴንስል አይቀርብም ነበር።

መኪናው እንጀራም ሆኗል። በፍርድ ቤትና በአስተዳደር ጽሕፈት ቤቶች ደጃፍ የተቀመጡት ራፖር ጸሐፊዎች የባለጉዳዩን ረጅም ብሶት ሰምተው በአንድ ገጽ አቤቱታ ይቋጩት ነበር። በመሥሪያ ቤቶችም የጽሕፈት ሙያ የተማሩ ብዙ ሴቶች ከቢሮ ሥራ የገቡት በዚህ መኪና በኩል ነው።

የተረሳው ገጽታ

እያንዳንዱ መኪና የራሱ ጠባይ ነበረው። የአንዱ «ለ» ጎደሎ ናት፣ የሌላው «መ» ከመስመር ወጣ ትላለች። ዛሬ በፍቅር የሚወራለት ይህ ጠባይ ጸሐፊውን ለማጥመጃም ውሏል። በሩማንያ በ1983 እ.ኤ.አ. የወጣው ድንጋጌ ቁጥር 98 የጽሕፈት መኪና ያለው ሁሉ በፖሊስ እንዲያስመዘግብና የፊደሎቹን ናሙና እንዲያቀርብ አስገድዶ ነበር።

በእኛም አገር ከ1966 ዓ.ም. ጀምሮ እንደ «ዴሞክራሲያ» ያሉ ጽሑፎች በድብቅ በመኪና እየተመቱና እየተባዙ ይሠራጩ ነበር። በ1969 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተካሄደው የቤት ለቤት አሰሳ ከጦር መሣሪያ ጋር የጽሕፈትና የማባዣ መኪናም ይፈለግ ነበር። በዚያ ዘመን ሌሊት ከጎረቤት የሚሰማ የቁልፍ ድምፅ እንደ ዛሬው ጣፋጭ ትዝታ አልነበረም፤ ለብዙ ቤተሰብ ፍርሃት ነበር። ናፍቆታችን ይህንን ከዘለለ ታሪክ መሆኑ ይቀራል።

ምን እንውረስ?

ከላይ ለተነሣው ክርክር መልስ የመጣው በኮምፒውተር ነው። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. እንደ ዶክተር አበራ ሞላ ያሉ ሰዎች ፊደሉን ለኮምፒውተር አዘጋጁ፤ በ1999 እ.ኤ.አ. የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ሥርዓት ውስጥ ገባ። ዛሬ ተማሪ በእጅ ስልኩ «ባ»ንም «ሩ»ንም ሳይቆራረጡ በሙሉ መልካቸው ይጽፋል። ፊደሉ ሳይቆረጥ ቆይቶ መኪናው ለፊደሉ ታዘዘ ማለት ነው። መሣሪያ አልመች ባለ ቁጥር ቅርሱን ለመቁረጥ መቸኮል እንደማይገባ ይህ በቂ ማስረጃ ነው።

ሆኖም አንድ ነገር አብሮ ቀርቷል፤ እርሱም ከመጻፍ በፊት የማሰብ ልማድ ነው። መደለዝ ያለ ዋጋ ሲሆን ማርቀቅም ዋጋ ያጣል። ይህን ልማድ ለመመለስ ግን መኪናውን ከመጋዘን ማውጣት አያስፈልግም። መምህሩ በአንድ ክፍለ ጊዜ ሁለት ነገር ሊያሠራ ይችላል። በመጀመሪያ ተማሪዎች ከ«ሀ» እስከ «ፐ» ያሉትን ሆሄያት ወስደው የትኞቹ ምልክት በመጨመር ብቻ እንደሚለወጡ፣ የትኞቹስ እንደማይታዘዙ ለይተው ይጻፉ፤ በዚህም የአያና ብሩን ችግር በእጃቸው ይረዱታል። ቀጥሎም ረቂቅ አዘጋጅተው፣ አንዱ የሌላውን አርሞ፣ ያለ ስርዝ ድልዝ አንድ ገጽ በቀለም ይገልብጡ። ከጽሕፈት መኪናው ዘመን ልንወርሰው የሚገባን ዋናው ነገር ይህ ነው።