ጥርኝ ውኃ

የአገራችን ሰው ውል ሲዋዋልም ሆነ ደብዳቤ ሲጽፍ፥ ልጁ የተወለደበትን ቀን በዳዊቱ ኅዳግ ሲያሰፍርም ሆነ ለመቃብር ድንጋይ ጽሕፈት ሲያስቀርጽ፥ ከዘመኑ ቍጥር በስተኋላ ዓመተ ምሕረት የሚለውን ቃል ማኖር ልማዱ ነው፤ ዳሩ ግን በየቀኑ የሚደጋገም ነገር ከዓይን ስለሚሰወር፥ በዚህ ቃል ውስጥ ያደረውን ሃይማኖት ቆም ብሎ የሚመለከተው ጥቂት ነው። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ከአዳም አንሥቶ እስከ ጌታ ልደት ያለውን 5500 ዘመን ዓመተ ፍዳ፥ ዓመተ ኵነኔ አሉት፤ ከልደት ወዲህ ያለውን ግን ዓመተ ምሕረት ብለው ሰየሙት። አባቶች እንደሚያስተምሩት አዳም ከገነት ወጥቶ ሲያለቅስ፥ ከአምስት ቀን ተኩል በኋላ ከዘሩ ተወልዶ እንደሚያድነው ጌታው ኪዳን ገባለት፤ ያም አምስት ቀን ተኩል በእግዚአብሔር አቈጣጠር 5500 ዓመት ነበረ። እንግዲህ ቀጠሮውን የቈረጠው በዳዩ ሳይሆን የተበደለው ነው፤ ዘመኑም የደረሰው ሰው ተሽሎ ስለ ተገኘ ሳይሆን የተናገረው አምላክ ቃሉን ስለማያጥፍ ነው። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. አገሪቱን ባጠፋው ክፉ ቀን እንኳ፥ ከብቱ በበሽታ አልቆ ገበሬው የሚጠምደው በሬ ባጣበትና ሕዝብ በረኃብ በየመንገዱ በወደቀበት ወራት፥ ጸሐፊው ያንኑ የመከራ ዓመት ዓመተ ምሕረት እያለ ከመጻፍ አልተመለሰም።

በሊቃውንቱ ስሌት ውስጥ ያደረው ምሕረት ወደ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ወርዶ፥ ፊደል ላልቈጠረው ገበሬና ለባልቴቲቱ የደረሰው ግን በባሕረ ሐሳብ ሳይሆን በተአምረ ማርያም ነው። ይህ መጽሐፍ በመካከለኛው ዘመን በአውሮፓ ከተሰበሰቡ የእመቤታችን ተአምራት ተነሥቶ፥ በዐረብኛ በግብጽ በኩል አልፎ፥ በዐፄ ዳዊት ዘመነ መንግሥት ወደ ግእዝ ተመለሰ፤ በአገራችንም በየገዳሙ እየተጨመረበት ከምንጩ ይልቅ ወንዙ ሰፋ። ልጃቸው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ፥ ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. የነገሡት፥ በየአብያተ ክርስቲያናቱ እንዲነበብ አዘዙ፤ 33 የእመቤታችን በዓላትም እንዲከበሩ ሥርዓት አቆሙ። የካቲት 16 የሚከበረው ኪዳነ ምሕረት ከነዚህ እጅግ የሚወደደው ነው፤ በዚያ ቀን፥ እንደ ትውፊቱ፥ እናቲቱ በልጇ መቃብር በጎልጎታ ስትጸልይ፥ ስሟን ጠርቶ ለተራበ ያበላውን፥ ለተጠማም ቀዝቃዛ ውኃ ያጠጣውን ሁሉ እንደሚምርላት ልጇ ቃል ኪዳን ሰጣት።

እዚህ ላይ ሳልናገረው የማላልፈው የሚያሳዝን ነገር አለ። ይህን የምሕረት መጽሐፍ ያስነበቡት ንጉሥ፥ ለእመቤታችን ሥዕልና ለመስቀል አንሰግድም ባሉት፥ ደቂቀ እስጢፋኖስ በሚባሉት መነኮሳት ላይ እጅግ የከበደ ቅጣት አወረዱባቸው፤ በጣዖት አምልኮ የተከሰሱት የገዛ ልጆቻቸውም ከፍርዳቸው አላመለጡም። የምሕረት ስም በምሕረት አልባ እጅ ሊያዝ መቻሉን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ታሪክ አላውቅም። ሆኖም መጽሐፉ ከአንባቢው ንጉሥ ይልቅ ርኅሩኅ ነበረና፥ ቅጣቱ ከንጉሡ ጋር ሲያልፍ ንባቡ በሕዝቡ ልብ ቀረ።

ከተአምራቱ ሁሉ ሕዝቡ ከልቡ የያዘው የበላዔ ሰብእ ታሪክ ነው። በቅምር አገር የነበረ ሰው ነው፤ አባቶች ስምዖን ይሉታል። በሚነገረው ትውፊት መሠረት እንደ አብርሃም እንግዳ ተቀባይ ነበረ፤ ሰይጣንም በሥላሴ አምሳል ተገልጦ በእንግድነት ከቤቱ ገባና ልጁን እንዲያርድለት ጠየቀው። በአብርሃም እጅ ላይ የቆመው ቢላዋ በስምዖን እጅ ላይ ሳይቆም ቀረ፤ የልጁንም ሥጋ ከቀመሰ በኋላ ልቡናው ተለወጠ፤ ሚስቱን፥ ዘመዶቹን፥ ወዳጆቹን ጭምር 78 ነፍስ በላ። ከዚህ በኋላ የሚበላውን ፍለጋ ሲዞር ሰውነቱ በለምጽ የቈሰለ ድኻ አገኘ፤ ድኻውም በውኃ ጥም ተቃጥሎ ነበርና በእግዚአብሔር ስም ለመነው፥ እንቢ አለ፤ በቅዱሳን ስም ለመነው፥ እንቢ አለ፤ በመጨረሻ በማርያም ስም ቢለምነው፥ ከቅሉ ጥርኝ ውኃ አፈሰሰለት። ጥርኝ ማለት በመዳፍ ጕድጓድ የሚያዝ ነው፤ የድኻውን ጕሮሮ እንኳ በሚገባ አላራሰም።

ነፍሱ ለፍርድ በቀረበች ጊዜ 78ቱ ነፍሳት በአንዱ ወገን፥ ያቺ ጥርኝ ውኃ በሌላው ወገን ተመዘነች። በጣና ሐይቅ፥ በዘጌ በሚገኘው በዑራ ኪዳነ ምሕረት ይህ ታሪክ በቤተ መቅደሱ ግድግዳ ተሥሏል። ሠዓሊዎቻችን ይህን ፍርድ ሲሥሉ ሚዛኑን ለቅዱስ ሚካኤል ያስይዙታል፤ እመቤታችንንም በአጠገቡ አቁመው ጥላዋ በውኃው ላይ ሲያርፍ ያሳያሉ፤ ያን ጊዜም ውኃው ሚዛን ደፋ። እኔ ከብዙ ድርሳን ይልቅ ይህች ጥላ የበለጠ አስተምራኛለች። ሠዓሊው ውኃውን አላበዛውም፥ ጥርኙን ማድጋ አላደረገውም፤ የሰውየውን በጎ ሥራ ሊያከብድ አልሞከረም፤ ክብደቱ ከላይ እንደ መጣ አሳየን እንጂ።

ይህ ታሪክ ለኃጢአተኛ ልቅ ፈቃድ ይሰጣል ብለው የሚነቅፉ ዱሮም ነበሩ፥ ዛሬም አሉ፤ ሥጋታቸው ከንቱ ነው አልልም። ነገር ግን ስምዖን ውኃውን ሲያፈስስ ዋጋውን አላሰበም፤ ሒሳብም አልያዘም። ከሰውነት ተራ ወጥቶ ሳለ አንድ ስም ሰምቶ ለአንዲት ቅጽበት ወደ ሰውነቱ ተመለሰ፤ ምሕረትም በዚያች በጠበበች ስንጥቅ ገባ። በወንጌል በደቀ መዝሙር ስም ስለሚሰጥ የቀዝቃዛ ውኃ ጽዋ የተነገረው ተስፋ (ማቴ. 10፥42) ከዚህ የተለየ አይመስለኝም።

ከዚህ ታሪክ ጋር አብሮ የኖረው ልማድ በየመንደሩ ደጃፍ ይሰማል። ደበሎ ለብሶ፥ አኩፋዳውን አንግቶ፥ ውሻ መመከቻ በትሩን ይዞ ከአገሩ ርቆ የሚማረው የቆሎ ተማሪ፥ በደጅ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል፤ ስለ ማርያም ስም ማለቱ ነው። ስለ ዘመዱ አይናገርም፥ ስለ ችሎታው አይናገርም፤ ያ ለምጻም በመጨረሻ የተናገረውን ብቻ ይናገራል። ቅኔውና ዜማው፥ የመጻሕፍቱም ትርጓሜ ከትውልድ ወደ ትውልድ የተላለፈው በዚህ ልመና በተገኘ ቍራሽ ነው። ልጇ በሌላ አገር በሌላ ደጅ እንዲሁ ቆሞ የሚለምን እናት የሰውን ልጅ ባዶ እጁን አትመልስም፤ የምትሰጠው ያጣች እንደ ሆነ «እግዜር ይስጥልን» ትለዋለች፤ እንቢታዋም ጸሎት ይሆናል። ቤቷ ካላጣ ግን እንጀራውን ቈርሳ ካኩፋዳው ትጨምርለታለች፤ ውኃ ከጠየቃትም ቅሉን አጥባ፥ በሁለት እጇ ይዛ፥ ጠጥቶ እስኪጨርስ በደጃፉ ትቆማለች።