ስለ 1998 ዓ.ም. ክረምትና ስለ አፍላግ ሙላት

ክረምት የሚለው ቃል በግእዝ የዝናም ወራት ስም ብቻ አይደለም፤ ዓመት ተብሎም ይፈታል። በአማርኛም ሰው ከወዳጁ ተለይቶ ሰንብቶ ሲገናኝ «እንደምን ከረምህ» ብሎ መጠየቁ ከዚሁ ቃል የወጣ ነው። ወንዝ ሞልቶ፣ መንገዱም በጭቃ ተዘግቶ ሳይተያዩ የቈዩ ዘመዳሞች መስከረም ሲጠባ አስቀድመው የሚጠያየቁት ከክረምቱ በደኅና መውጣታቸውን ነበረ። ነገሥታቱም ከብርቱ ጉዳይ በቀር በክረምት ሠራዊት አያዘምቱም ነበረና፣ ዜና መዋዕል ጸሓፊዎች ንጉሡ በየት አገር እንደ ከረመ ሳይጽፉ አያልፉም።

አባቶች ክረምቱን ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ቀን ወስነው በውስጡ ልዩ ልዩ ክፍል አደረጉለት። መጀመሪያው ክፍል የዘርና የደመና ነው። ከሐምሌ 19 እስከ ነሐሴ 9 ቀን ያለው ሁለተኛው ግን መብረቅ፣ ነጐድጓድ፣ ባሕር፣ አፍላግ፣ ጠል ይባላል። ይህን ስም በዜማ ቤትና በቅኔ ቤት ያደገ ሁሉ ያውቀዋል፤ ዳሩ ግን ብዙው ሰው እንደ ምስጋና ዝርዝር ይሰማዋል እንጂ እንደ ማስጠንቀቂያ አይሰማውም። መብረቁ ቀድሞ አፍላግ መከተላቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

የአየርን ጠባይ የሚመረምሩ ሊቃውንት እንደሚያስረዱት፣ የክረምቱ እርጥበት ከአትላንቲክ ውቅያኖስ ተነሥቶ በኮንጎ ደን ላይ ከሚያልፈው ነፋስና ከህንድ ውቅያኖስ ከሚመጣው ነፋስ ይገኛል፤ ወደ ደጋው ሲወጣ ይቀዘቅዝና ዝናም ይሆናል። መልኩ ግን በሁሉ አገር አንድ አይደለም። በሰሜን ተራሮች በረዶ ይጥላል፤ ይህም ስሙ ያልታወቀ የአክሱም ንጉሥ በአዱሊስ ካስቀረጸው ጽሑፍ ጀምሮ የታወቀ ነገር ነው። ያንን ድንጋይ በ6ኛው መቶ ዓመት በዐፄ ካሌብ ዘመን ነጋዴው ቆስማስ ገልብጦ ባይጽፈው ኖሮ ቃሉ ጠፍቶ በቀረ ነበረ።

የወደቀው ዝናም ወዴት እንደሚሄድ ለማወቅ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ያለውን የአየር ጤናን ሰፈር መመልከት ይበቃል። በዚያ የዘነመው ወደ ትንሹ አቃቂ፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ገብቶ የአፋርን በረሓ አቋርጦ ባሕር ሳይደርስ በአቤ ሐይቅ ይቀራል። ያው ደመና በጅማ ጐዳና ጥቂት ተጕዞ ከወሊሶ ማዶ ቢያፈስ ውሃው ወደ ግቤና ወደ ኦሞ ይወርዳል። ከእንጦጦ ጀርባ ቢዘንም ደግሞ በሙገር በኩል የዐባይ ይሆናል። እንግዲህ የአንድ ቀን ደመና ለሦስት አገር ሰው ይካፈላል፤ ከታች ያለው ሰው ግን ከላይ የዘነመውን አያይም።

የድሬ ዳዋ ነገር እንዲህ ነው። ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር ወደ ሐረር ተራራ መውጣት ስለ ከበደው በ1895 ዓ.ም. ከተራራው ግርጌ ከተማ ተቈረቈረ፤ ዐፄ ምኒልክም አዲስ ሐረር አሉት። ለሐዲድ የተመቸው ሜዳ ለውሃም የተመቸ ነበረ። ደቻቱ የሚባለው ወንዝ ከተማውን ከዚራና መጋላ አድርጎ ይከፍለዋል፤ በበጋ ግን ወንዝ መሆኑ ይረሳል፤ ደረቅ አሸዋ ነውና ሕዝቡ ይመላለስበታል፣ ይገበያይበታል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ 30 ቀን፣ ለእሑድ አጥቢያ፣ በሐረርጌ ደጋ የዘነመው ዝናም በዚህ አሸዋ ላይ በሌሊት ደረሰ። በዳርቻው የተኛው ሰው የነቃው ውሃው ከቤቱ ከገባ በኋላ ነው። ከ250 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙ ሺሕም ቤት አልባ ሆኑ።

በሳምንቱ እሑድ ነሐሴ 7 ቀን ደግሞ በደቡብ ጫፍ የኦሞ ወንዝ ከዳርቻው ወጥቶ የዳሰነችን ምድር አጥለቀለቀ። በዚያም 364 ሰዎች እንደ ሞቱ በጊዜው ተነገረ፤ ከብቱም በብዙ ሺሕ አለቀ፤ በውሃ የተከበቡትን በጀልባና በሄሊኮፕተር ማውጣት ግድ ሆነ። በጣና ምሥራቅም ርብና ጉማራ ሞልተው የፎገራን ሜዳ ሸፍነው ብዙ ሕዝብ አፈናቀሉ። በአንድ ክረምት በመላው አገር የሞተው ሰው ከ600 በላይ ሆነ። የድሬ ዳዋውም የኦሞውም ቀን አባቶች አፍላግ ብለው በሰየሙት በሃያ አንዱ ቀን ውስጥ ናቸው።

ሁለቱ ጥፋቶች ግን በአንድ ሚዛን ሊመዘኑ አይገባም። የደቻቱ ውሃ ከተራራው እስከ ከተማው የሰዓታት መንገድ ብቻ አለው፤ በሌሊት ማን ማንን ይቀሰቅሳል? የኦሞ መንገድ ግን ከ700 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ውሃው ከግቤ ደጋ ተነሥቶ ዳሰነች እስኪደርስ ቀናት ያልፋሉ፤ መልእክት ሊቀድመው ይችል ነበረ። የዳሰነችን ሰው ከዳርቻው ለምን አልሸሸም ብሎ መውቀስም አለማወቅ ነው። እርሱ ወንዙ ሞልቶ ሲመለስ በተወው ደለል ላይ ማሽላ ይዘራ ነበረና፣ ሙላቱ በየዓመቱ የሚጠብቀው እንጀራው ነው። በዚያ ዓመትም የቈየው ያንኑ ሲጠብቅ ነው። ኋላ በ2009 ዓ.ም. የግልገል ግቤ ሦስተኛው ግድብ ተመርቆ የክረምቱ ሙላት ከላይ ሲያዝ፣ በደለሉ ላይ የሚዘራው ማሽላም ውሃው እየጐደለበት ሄደ።