ከገበሬው ጓዳ እስከ ውሂብ ጎታ፤ የማከማቻ ስያሜዎች ታሪክና ከሶዶ የተገኘ ትምህርት

አንድ ቋንቋ ለዐዲስ አሠራር ስም ሲያወጣ ከባዶ አይነሣም፤ ቀድሞ ከሚያውቀው ሥራ ይበደራል። በኮምፒዩተር ሥራ ዳታቤዝ ለሚባለው ነገር በአማርኛ ዛሬ ሁለት ስያሜዎች ጎን ለጎን ይሠራባቸዋል፤ አንዱ «የመረጃ ቋት»፣ ሌላው «የውሂብ ጎታ» ነው። ሁለቱም የመጡት ከገበሬው ቤት ነው። ነገር ግን ቃላቱ ሲመጡ በገበሬው ቤት የነበራቸው ልዩነት አብሮ አልመጣም። ይህ ጽሑፍ የዚህን ልዩነት ታሪክና መጥፋቱ ያስከተለውን ችግር ይመረምራል።

1. ቃላቱ በቤታቸው

ቋት ከወፍጮው የሚወርደውን ዱቄት የሚቀበል ነው፤ የተቀበለውን ለረጅም ጊዜ አያቆይም። ጎታ ከጭቃና ከጭድ እየተደራረበ የሚሠራ፣ በቤት ውስጥ የሚቆም የእህል ማኖሪያ ነው። ጎተራ ከእንጨት ወይም ከቀርከሃ ተሠርቶና ክዳን ተደርጎለት በደጅ ይቆማል። ጓዳ ደግሞ ጎታዎቹና ሌላው የቤት ዕቃ የሚገኙበት ውስጠኛው ክፍል ነው። ጤፉ ለብቻ፣ በቆሎው ለብቻ ይቀመጣል፤ ለዘር የተለየው ከሚበላው ጋር አይቀላቀልም። ይህ ሁሉ የአደረጃጀት ጥበብ ነው፤ አንዱ ጎታ ነቀዝ ቢገባበት ወይም ቢጎድል ሌላው እንዲተርፍ የታሰበ ነው።

«ውሂብ» የሚለውም ቃል ታሪክ አለው። ምንጩ የግእዙ ግስ «ወሀበ» ሲሆን ትርጓሜው «ሰጠ» ማለት ነው። ዳታ የተባለው የላቲን ቃልም «የተሰጡ ነገሮች» ማለት ስለሆነ ስያሜውን ያወጡት ሰዎች ሥርን በሥር ተክተዋል። አካሄዱ የተመሰገነ ነው፤ ችግሩ የተፈጠረው በማኖሪያው ስም ላይ ነው።

2. ማከማቻው ከተጠቃሚው ዐይን ሲሰወር

ኤድጋር ኮድ የተባለው የአይ.ቢ.ኤም. ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ጽሑፍ የዝምድናዊ ዳታቤዝን መሠረት ጣለ። ያን ጊዜ በርእሱ የተጠቀመበት ምስል የ«ባንክ» ነበር። የሐሳቡ ፍሬ ነገር ተጠቃሚው የሚፈልገውን በሠንጠረዡና በዝምድናው ይጠይቅ እንጂ በየትኛው ስፍራ እንደ ተቀመጠ ማወቅ አይገባውም የሚል ነው። ይሁን እንጂ የስፍራው ጉዳይ አልጠፋም፤ ከብዙዎቹ ተጠቃሚዎች ትከሻ ወርዶ በአንድ ሰው፣ በአስተዳዳሪው ትከሻ ላይ ወደቀ። ማዕድ የቀረበለት ሰው እህሉ ከየትኛው ጎታ እንደ ወጣ አይጠይቅም፤ የጓዳው ጉዳይ የእመቤቲቱ ነው።

አስተዳዳሪው ከሚይዛቸው ነገሮች ዋነኛው ቴብልስፔስ የሚባለው ነው። በኦራክል አሠራር ይህ በአንድ ወይም ከአንድ በላይ በሆኑ ፋይሎች ላይ የተመሠረተ፣ የራሱ ስም ያለው ክፍል ነው። ሲሞላ ፋይል ይጨመርለታል ወይም ያለው ፋይል ይሰፋል፤ ለእያንዳንዱ ተጠቃሚም የቦታ ድርሻ ይወሰንለታል። የሥርዓቱ የራሱ ሠንጠረዦች እንደ ዘር እህል ከሌላው ተለይተው ይቀመጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2005 በወጣው በፖስትግሬስ 8.0 ግን ይኸው ስም የተሰጠው ሠንጠረዦች ለሚቀመጡበት የዲስክ ማውጫ ነው። እንግዲህ ተርጓሚው ስሙን ብቻ ሳይሆን ስሙ በየቤቱ የሚሠራውን ሥራ መመልከት አለበት።

3. በሶዶ የታየ ስሕተት

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ከጥቂት ዓመታት በፊት በወላይታ ሶዶ ለተሰጠ ሥልጠና የመማሪያ ጽሑፍ ተርጕሞ ነበር። ዳታቤዙንም፣ ክፍሉንም፣ ለጊዜው የሚያገለግለውን የማስታወሻ ስፍራም ሁሉንም «ቋት» አልኋቸው። «ቋቱን አፍርሱ» የሚለው ትእዛዝ ላይ ሲደረስ ከሠልጣኞቹ አንዱ ክፍሉን ሳይሆን የመለማመጃውን ዳታቤዝ በሙሉ አጠፋው። የጠፋው የልምምድ ሥራ ብቻ መሆኑ በጀ እንጂ የመሥሪያ ቤት መዝገብ ቢሆን ኖሮ ጉዳቱ ከባድ ነበር። ጥፋቱ የሠልጣኙ አልነበረም፤ የተርጓሚው ነበር።

ግሱም እንደ ስሙ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። በኦራክል ባዶ ያልሆነ ክፍል ይዘቱ አብሮ እንዲጠፋ በግልጽ ካልታዘዘ አይፈርስም፤ ይዘቱ ከጠፋም በኋላ ፋይሎቹ በዲስኩ ላይ ሊቀሩ ይችላሉ። አማርኛ ለዚህ አልተቸገረም፤ ጎታ «ይጎድላል»፣ «ይጠረጋል»፣ «ይፈርሳል»፤ ሦስቱም የተለያዩ ናቸው። ሁሉንም «ማስወገድ» ብሎ መጠቅለል ቋንቋው ያለውን ሀብት መጣል ነው።

በውይይቱ ላይ ሌላ ሠልጣኝ ያነሣው ነገር ከዚህ የበለጠ አሳሰበኝ። «በእኛ ቤት ዋናው ማከማቻ ጎታ አይደለም፤ የቆጮው ጉድጓድ ነው» አለ። በእርግጥም በወላይታ እንሰት፣ በቋንቋው «ኡታ»፣ የኑሮ መሠረት ነው። ተፍቆ የተዘጋጀው በእንሰት ቅጠል በተለበጠ ጉድጓድ ይቀበራል፤ ድንጋይ ይጫንበታል፤ ቅጠሉ በየጊዜው ይለወጣል፤ ለምግብም በመጠን እየተቀነሰ ይወጣል። ይህም ልኩና ተጠባባቂው የታወቀ፣ የራሱ ሥርዓት ያለው አስተዳደር ነው።

4. ስለ ስያሜ አወጣጥ

ከዚህ ተነሥቶ ንጹሑ መፍትሔ ዳታቤዙን «ጓዳ»፣ ክፍሉን «ጎታ» ማለት ይመስላል። በገበሬው ቤት ሥርዓት መሠረት ትክክሉ ይኸው ነበር። ነገር ግን «የውሂብ ጎታ» ሥር ይዟል፤ ሥር የያዘ ቃል በትእዛዝ አይነቀልም። ለዚህም ሶዶ ራሷ ምስክር ናት። ወላይትኛ በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በፊደል ከተጻፉት 15 ቋንቋዎች አንዱ ነበረ፤ ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ በላቲን ፊደል መጻፍ ጀመረ። በ1992 ዓ.ም. ከወላይታ፣ ከጋሞ፣ ከጎፋና ከዳውሮ ንግግሮች ተውጣጥቶ «ወጋጎዳ» በሚል ስም የተሰናዳ መማሪያ መጽሐፍ ወደ ትምህርት ቤቶች ሲላክ በሶዶ ብርቱ ተቃውሞ ተነሣ፤ የሰው ሕይወትም ጠፋ። መጻሕፍቱ ተመለሱ፤ ወላይታም በ1993 ዓ.ም. ራሱን የቻለ ዞን ሆነ። ተናጋሪው ያልመከረበት ቃል ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

ስለዚህ የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ ልከኛ ነው። ዳታቤዙ «የውሂብ ጎታ» እንደ ሆነ ይቆይ፤ በውስጡ ያለው የተሰየመ ክፍል «ክፍለ ጎታ» ይባል፤ «ቋት» ወደ ቀድሞ ጠባዩ ተመልሶ ለጊዜያዊው መቀበያ ብቻ ያገልግል። ለወላይትኛ የሚሰናዳው የሙያ መዝገበ ቃላት ግን ከአማርኛው ጎታ ቃል በቃል እንዳይተረጐም ያስፈልጋል። የጉድጓዱን ቅጠል የሚለውጡት እናቶች ለየተግባሩ ያላቸው ስም አስቀድሞ ይሰብሰብ፤ ኮምፒዩተሩ ከዚያ በኋላ ይምጣ።