ጥላሸት የሚቀባ የምርጫ ቅስቀሳ፦ ምንነቱ፣ ታሪኩና የሕግ ወሰኑ

በምርጫ ወቅት አንድ ፓርቲ ወይም ዕጩ የራሱን ፕሮግራም ከማስተዋወቅ ይልቅ የተቀናቃኙን ድክመት፣ ያለፈ ሥራ ወይም ስብዕና ዒላማ አድርጎ የሚያሰራጨው መልዕክት በተለምዶ ጥላሸት የመቀባት ቅስቀሳ እየተባለ ይጠራል። ይሁን እንጂ ተቀናቃኝን መተቸት በራሱ ነውር አይደለም። ሥልጣን ላይ ያለ ወገን ስለሠራውና ስላልሠራው ሥራ ካልተጠየቀ ምርጫው ትርጉም ያጣል። አነጋጋሪ የሚሆነው ትችቱ መራጩን የሚያሳስት ሆኖ ሲገኝ ነው።

አሳሳች መልዕክት ሁልጊዜ ውሸት ነው ማለት ግን አይደለም። ጉዳዩን በምሳሌ ለማስረዳት ያህል፣ በጅማ ከተማ ጅሬን ቀበሌ ሞንታርቦ የጫነ መኪና እየዞረ “በእነ እገሌ የአስተዳደር ዘመን የቡና ዋጋ ከግማሽ በታች ወረደ፤ ጎተራችሁን ያራቆቱት እነርሱ ናቸው” እያለ ቀሰቀሰ እንበል። የዋጋው መውረድ እውነት ሊሆን ይችላል። የዓለም አቀፉ ቡና ድርጅት አማካይ አመልካች ዋጋ እ.ኤ.አ. በ1997 በፓውንድ 134 የአሜሪካ ሳንቲም ገደማ የነበረ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2001 ወደ 46 ሳንቲም ገደማ አሽቆልቁሏል። የዚያ መውረድ ዋነኛ ምክንያት ግን ቬትናምና ብራዚል ምርታቸውን በከፍተኛ ደረጃ ማሳደጋቸው ነበር። የአረቢካ ቡና ዋጋ መነሻውን የሚያገኘው ከኒውዮርክ ገበያ በመሆኑ፣ የአጋሮ ወይም የሊሙ ገነት ገበሬ ጀንፈሉን በፈረሱላ ስንት እንደሚሸጥ የሚወስነው የወረዳው አስተዳደር ብቻ አይደለም። መልዕክቱ ቁጥሩን አልዋሸም፤ ምክንያቱን ግን ደብቋል። ለዚህ ጸሐፊ እንደሚመስለው በቡና አብቃይ አካባቢዎች ከተፈበረከ ወሬ ይልቅ ለማስተባበል የሚያስቸግረው እንዲህ ያለው ግማሽ እውነት ነው። ማስተባበያው ረጅም ሲሆን ክሱ አንድ ዓረፍተ ነገር ነውና።

በአገራችን የምርጫ ታሪክ የቅስቀሳ ቋንቋ እጅግ የከረረበት ወቅት ተደርጎ የሚወሰደው ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም የተካሄደው ምርጫ ዋዜማ ነው። ወቅቱ በአንድ በኩል ተፎካካሪ ፓርቲዎች በመንግሥት ቴሌቪዥንና ሬዲዮ ነፃ የአየር ሰዓት አግኝተው ከገዢው ፓርቲ ጋር ፊት ለፊት የተከራከሩበት፣ ሕዝቡም ክርክሩን በጉጉት የተከታተለበት ነበር። በሌላ በኩል የአውሮፓ ኅብረት የምርጫ ታዛቢ ቡድን በሪፖርቱ እንደመዘገበው፣ የወቅቱ ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትር አቶ አዲሱ ለገሠ ሚያዝያ 7 ቀን በተካሄደ ክርክር ላይ ተቃዋሚዎችን እ.ኤ.አ. በ1994 በሩዋንዳ የዘር ማጥፋት ከፈጸመው ኢንተርሃምዌ ጋር አመሳስለዋል። ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊም ሚያዝያ 27 ቀን ቅንጅትን በተመለከተ ተመሳሳይ ንጽጽር አቅርበዋል። ተቃዋሚዎች በበኩላቸው መንግሥትን ከጀርመን ናዚ ሥርዓት ጋር በማነጻጸር አጸፋ መልሰዋል።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው እንዲህ ያለ ንጽጽር በመረጃ “ሐሰት” ወይም “እውነት” ተብሎ የሚረጋገጥ አለመሆኑ ነው። የቀረበ አኃዝ የለም፤ የቀረበው ፍርሃት ነው። ምርጫውን ተከትሎ የተፈጠረውን ሁከት ያጣራው አጣሪ ኮሚሽን 193 ሲቪሎችና 6 ፖሊሶች መሞታቸውን ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አሳውቋል። ለዚያ ጥፋት የቅስቀሳ ንግግሩን ብቻ ተጠያቂ ማድረግ አይቻልም። ሆኖም አንዱ ወገን ሌላውን እንደ ተፎካካሪ ሳይሆን እንደ ገዳይ እንዲያይ ከተቀሰቀሰ በኋላ፣ ውጤት ላይ የሚነሳ ክርክርን በጠረጴዛ ዙሪያ መፍታት ምን ያህል እንደሚከብድ ታይቷል።

ከዚህ ልምድ በመነሳት ኢሕአዴግ፣ መኢአድ፣ ኢዴፓና ቅንጅት በጥቅምት ወር 2002 ዓ.ም የምርጫ ሥነ ምግባር ስምምነት ተፈራርመዋል፤ መድረክ ግን አልፈረመም። ስምምነቱ በአዋጅ ቁጥር 662/2002 ሕግ ሆኖ ከቆየ በኋላ በአዋጅ ቁጥር 1162/2011 ተተክቷል። ይህ አዋጅ የምርጫን፣ የፖለቲካ ፓርቲዎች ምዝገባንና የምርጫ ሥነ ምግባርን በአንድነት የያዘ ነው። ቅስቀሳ ድምፅ ከሚሰጥበት ዕለት 4 ቀን አስቀድሞ የሚቆምበት የጥሞና ጊዜም በሥራ ላይ ውሏል። በ6ኛው ጠቅላላ ምርጫ ድምፅ የተሰጠው ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም ሲሆን፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ የመዝጊያ የቅስቀሳ ንግግራቸውን ሰኔ 9 ቀን ያደረጉት በጅማ ነበር። በዚያ ምርጫ ኦፌኮና ኦነግ ስላልተሳተፉ በኦሮሚያ የተቀናቃኞች ምልልስ በ1997 ከነበረው ጋር የሚወዳደር አልነበረም።

የጥሞና ጊዜው ለመራጩ ፋታ ይሰጣል። ለተከሰሰው ወገን ግን ሌላ ችግር ይፈጥራል፤ በመጨረሻዋ የቅስቀሳ ሰዓት ለተሰነዘረ ክስ መልስ የሚሰጥበት ጊዜ አይኖረውም።

የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 በበኩሉ አንድ ንግግር በሐሰተኛ መረጃነት እንዲያስጠይቅ ሐሰት መሆኑን ብቻ በቂ አያደርግም። ተናጋሪው ሐሰትነቱን የሚያውቅ ወይም ሊያውቅ ይገባው የነበረ መሆን አለበት፤ ንግግሩም ሁከት ወይም ግጭት የማስነሳት ዕድሉ ከፍተኛ መሆን ይኖርበታል። ከዚህም በላይ ወደ ፖለቲካዊ አስተያየትና ትችት ያደላ ንግግር ከክልከላው ውጪ ተደርጓል። ስለዚህ ከላይ በምሳሌነት የቀረበው የሞንታርቦ ቅስቀሳ በዚህ አዋጅ የሚያስቀጣ አይመስልም።

በእውነታና በአስተያየት መካከል ያለውን ድንበር ለመረዳት የደቡብ አፍሪካው ክርክር ጠቃሚ ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2014 ዴሞክራቲክ አሊያንስ የተባለው ተቃዋሚ ፓርቲ፣ የአገሪቱ የሕዝብ እንባ ጠባቂ ስለ ንካንድላ መኖሪያ ግንባታ ያወጣችው ሪፖርት ፕሬዚዳንት ዙማ የሕዝብ ገንዘብ እንዴት እንደሰረቁ ያሳያል የሚል አጭር የስልክ መልዕክት በጋውተንግ ለሚገኙ መራጮች ላከ። ሪፖርቱ ፕሬዚዳንቱ ያለአግባብ መጠቀማቸውን እንጂ መስረቃቸውን አልገለጸም ነበር። የምርጫ ጉዳዮች ፍርድ ቤት ለኤኤንሲ ፈረደ። የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ግን በአብላጫ ድምፅ ውሳኔውን ሻረ፤ በዋነኛው የብይን ሐተታ መሠረት መልዕክቱ የሪፖርቱን ይዘት የሚተረጉም አስተያየት እንጂ የሐሰት እውነታ አልነበረም። ፍርዱ የተሰጠው እ.ኤ.አ. በጥር 2015 ነው። ምርጫው ካለፈ ስምንት ወራት ተቆጥረው ነበር።

ሌሎች አገሮች የተለያየ መንገድ ተከትለዋል። ብሪታንያ በቴሌቪዥንና በሬዲዮ የሚተላለፍ የተከፈለበት የፖለቲካ ማስታወቂያን ትከለክላለች። በአሜሪካ ግን የፌዴራል ሕግ ጣቢያዎች የዕጩዎችን ማስታወቂያ እንዳይቆርጡ ያግዳል። እዚያው አሜሪካ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1964 አበባ የምትበጥስ ሕፃንን ከኒውክሌር ፍንዳታ ጋር ያጣመረው የጆንሰን ማስታወቂያ የተቀናቃኙን የጎልድዋተርን ስም አንድ ጊዜ እንኳ አላነሳም።

የቁጥጥር ሌላኛው ገጽታም ሊዘነጋ አይገባም። በ2007 ዓ.ም ምርጫ ሰማያዊ ፓርቲ የላካቸው የቅስቀሳ መልዕክቶች በመገናኛ ብዙኃን ተቀባይነት እንዳጡበት ቅሬታ አሰምቷል። “አሳሳች ነው” የሚለው ስያሜ የሚሰጠው አካል ራሱ ወገንተኛ ከሆነ፣ መራጩን ለመጠበቅ የተባለው እርምጃ ትችትን ማፈኛ ይሆናል። በመሆኑም የአንድን መልዕክት ሕጋዊነት የመወሰን ኃላፊነት የምርጫ ቦርድና የፍርድ ቤት እንጂ የወረዳ ጽሕፈት ቤት አይደለም።

የመንግሥት ሠራተኛው ድርሻ በእጁ ካለው መረጃ ይጀምራል። የቡና ግብይት፣ የማዳበሪያ አቅርቦት ወይም የመንገድ በጀት አኃዝ የሚገኘው በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ነው። አኃዙን ለአንዱ ፓርቲ ሰጥቶ ለሌላው የከለከለ ባለሙያ ራሱ የማስታወቂያው አካል ሆኗል። አዋጅ ቁጥር 590/2000 ለመረጃ ጥያቄ ምላሽ የደነገገው የ30 ቀን ገደብ ለቅስቀሳ ወቅት የዘገየ በመሆኑ፣ ተፈላጊ አኃዞችን ቀድሞ ለሁሉም በአንድ ጊዜ ይፋ ማድረግ ይመረጣል። በመሥሪያ ቤቱ የፌስቡክ ወይም የቴሌግራም ገጽ የፓርቲ መልዕክት ማሰራጨት ደግሞ የመንግሥትን ሀብት ለቅስቀሳ ማዋል ነው።

ቅሬታ የሚያቀርብ ወገን የመልዕክቱን ቅጂ፣ የተላለፈበትን ቀን፣ ሰዓትና ቦታ ቢያያይዝ ውሳኔው ይፋጠናል። በጅማና አካባቢዋ አብዛኛው ቅስቀሳ በኦሮምኛ የሚካሄድ እንደመሆኑ፣ ከአማርኛ ትርጉሙ ጋር ዋናው ቅጂ አብሮ ሊቀርብ ይገባል። በትርጉም ወቅት አንድ ቃል ከትችት ወደ ስድብ ሊሸጋገር ይችላልና።