የገና በረዶ የወረደበት ቁልፍ

ዲሴምበር 25 ቀን 2018 (እ.ኤ.አ.) በቻይና በርካታ ድረ ገጾች ላይ ያልተጠበቀ ነገር ታየ። «አስገባ»፣ «አስቀምጥ» በሚሉት ቁልፎች አናት ላይ በረዶ ተከምሯል። ጠቋሚው ሲጠጋቸው ደግሞ እንደ ገና አባት ሳቅ «ሆ ሆ ሆ!» የሚል ጽሑፍ ብቅ ይላል። ድረ ገጾቹን የሠሩት ባለሙያዎች ያንን በረዶ አልሳሉትም፤ አለቆቻቸውም አላዘዙትም። ላየው ሰው የሰርጎ ገብ ሥራ ይመስላል። ነገሩ ግን ከዚያ ይብሳል፦ በረዶውን ወደ ቤታቸው ያስገቡት ራሳቸው ነበሩ፣ ሳያውቁት።

ታሪኩን ለመረዳት ትንሽ ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። ድረ ገጽ የሚሠራ ሰው ቁልፉን፣ ቅጹን፣ የቀን መምረጫውን በየጊዜው ከባዶ ሲሠራ ኖሯል። እያንዳንዱ ቀላል ይመስላል። በሁሉም ስልክና ብሮውዘር እኩል እንዲሠራ፣ ማየት ለተሳነው ተጠቃሚም እንዲያገለግል ማድረግ ግን ብዙ ጊዜ የሚበላ ሥራ ነው። የትዊተር ሠራተኞች የነበሩት ማርክ ኦቶ እና ጃኮብ ቶርንተን ለመሥሪያ ቤታቸው የጋራ መገልገያ ብለው የጀመሩትን ስብስብ በኦገስት 2011 «ቡትስትራፕ» በሚል ስም ለዓለም በነፃ ለቀቁት። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከዳር እስከ ዳር ድረ ገጾች መልካቸው ተመሳሰለ። እንዲህ ያለው ስብስብ ኮምፖነንት ላይብረሪ ይባላል። ኮዱ ክፍት ነው፤ የፈለገ ይወስደዋል፣ የፈለገ ያሻሽለዋል።

ቻይናም የራሷን አወጣች። የአሊባባ ቤተሰብ የሆነው አንት ፋይናንሻል ያዘጋጀው «አንት ዲዛይን» ለኩባንያዎችና ለመሥሪያ ቤቶች ሥርዓት ታስቦ የተሠራ ነውና በሀገሩ እጅግ ተወደደ። ከዋና ተንከባካቢዎቹ አንዱ በሴፕቴምበር 2018 ጥቂት መስመር ኮድ ጨመረበት። ኮዱ ቀኑን ያያል፤ ዲሴምበር 25 ከሆነ ቁልፉን በረዶ ያለብሳል፣ በሌላው ቀን ሁሉ ዝም ይላል። ስለዚህ በጥቅምትም በኅዳርም ቢፈተሽ ምንም አይገኝበትም።

ቀኑ ሲደርስ ቁጣው ጊትሃብ ላይ ፈሰሰ። በቻይና የመንግሥት ድረ ገጽ ላይ የሃይማኖት በዓል ምልክት መታየቱ እንደ ቀልድ የሚታለፍ አይደለም፤ በዚህ ምክንያት ከሥራ ተባረርን ብለው የጻፉም ነበሩ። ኮዱን የጨመረው ባለሙያ ጥፋቱ የራሱ መሆኑን አምኖ በይፋ ይቅርታ ጠየቀ። በረዶውም ወዲያው ተነሣ።

ሰውየውን መውቀስ ቀላል ነው፤ ወቀሳውም ይገባዋል። የሌላ ሰው ቤት ውስጥ ሳያስፈቅዱ በዓል ማክበር ነውር ነው። ነገር ግን ያ ኮድ በድብቅ አልተቀመጠም። ሦስት ወር ሙሉ ማንም ሊያነበው በሚችልበት አደባባይ ላይ ነበር። ላይብረሪው የተለቀቀበት ፈቃድም ሶፍትዌሩ ያለ ምንም ዋስትና እንዳለ የሚሰጥ መሆኑን በግልጽ ይናገራል። የወሰደው ሕዝብ እልፍ ነው፤ የወሰደውን ከፍቶ ያየው ግን ጥቂት ነው። የክፍት ምንጭ ትልቁ ተስፋ «ብዙ ዓይን ያየዋል» የሚል ነበር። ኮዱ ክፍት ስለሆነ ብቻ ግን ዓይን አይመጣም። ሁሉም ሌላው አይቶታል ብሎ ሲያልፍ ማንም ሳያየው ይቀራል።

በረዶው ቢያንስ ታይቷል። ከዚያ የሚከብደው ዓመቱን ሙሉ የማይታየው ነገር ነው፤ የሠሪው ልማድ። ያ የበረዶ ቀን በኢትዮጵያ ታኅሣሥ 16 ቀን 2011 ነበር፤ ለገና 13 ቀን ይቀረዋል። ኮዱ ይህን ሊያውቅ አይችልም፤ የሚያውቀው የሠሪውን ቀን መቁጠሪያ ብቻ ነው። አብዛኞቹ የቀን መምረጫዎችም ዓመት 12 ወር ነው፣ በጃንዋሪም ይጀምራል ብለው የተሠሩ ናቸው። ጳጉሜን 3 የተወለደ ልጅ በእንዲህ ያለ ቅጽ ላይ ልደቱን በራሱ አቆጣጠር የሚያስገባበት ቦታ የለውም። ይህን ያደረገ ክፉ ሰው የለም፤ ሲሠራ አሥራ ሦስተኛ ወር አለን የሚል ሰው በአጠገቡ ስላልነበረ ነው።

እንዲህ ያለ ነገር እንደሚስተካከል ደግሞ ማስረጃ አለ። አዶቤ ያወጣው «ሪአክት ኤሪያ» የተባለው ክፍት ላይብረሪ በቀን ሥራው ውስጥ የኢትዮጵያን አቆጣጠር ይዟል፤ ዓመተ ምሕረቱን ብቻ ሳይሆን ዓመተ ዓለሙንም። ስሌቱን ከባዶ አልፈጠረውም። አይሲዩ ከተባለው፣ የብዙ ሀገር ቋንቋዎችንና አቆጣጠሮችን ኮምፒውተር እንዲያውቃቸው ከሚያደርገው ሌላ ክፍት ሥራ ላይ ተመሥርቶ ነው። አንዱ ያስቀመጠው ድንጋይ ለሌላው መሠረት ሆነ። አስተዋጽኦ ማለት ይኸው ነው።

ይህን ለማድረግ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። አንድ ተማሪ የቀን መምረጫው ከነሐሴ 30 ቀጥሎ ምን እንደሚያሳይ ፈትሾ ስሕተቱን በግልጽ ከጻፈ አስተዋጽኦ ነው። ቅጹ «ስም» እና «የቤተሰብ ስም» ብቻ ጠይቆ የአባትንና የአያትን ስም የሚያስገባበት ቦታ ካጣ፣ ያንን ማስረዳትም አስተዋጽኦ ነው። የአማርኛውን ትርጉም ማረም፣ ከመጠቀም በፊት የተለወጠውን ኮድ ማንበብ፣ ይህ ሁሉ ይቆጠራል።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይላል የሀገሩ ሰው። ኢንተርኔት ላይ ያለው ድር በእርግጥ አብሯል፤ አንበሳም አስሯል። ሆኖም ከኢትዮጵያ የሚወስደው ብዙ፣ ክር የሚጨምረው ጥቂት እንደሆነ ከቀጠለ፣ ቅጾቹ ነሐሴ 30 ላይ ቆመው ጳጉሜን ሳያዩ መስከረም ይጠባል።