የሴባስቶፖል ገመድ

መገናኛ ታክሲ የተሳፈረ ሁሉ ሳያውቀው ፊዚክስ ተምሯል። አንዱ «ወራጅ አለ!» ይላል፤ ሹፌሩ ፍሬን ሲይዝ እኛ ወደ ፊት መሄዳችንን እንቀጥላለን። የአንድ ነገር መጠነ ቁስ በፍጥነቱ ሲባዛ ሞመንተም ይባላል። ኒውተን በ1687 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ለመለወጥ ጉልበት እንደሚያስፈልግ ደነገገ። እኛም ቀመሩን ሸምድደን ፈተና አለፍንበት። ታዲያ ወደ ታሪካችን ብናመጣውስ?

አፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ፣ ጋፋት ላይ፣ በአውሮፓውያን ሚሲዮናውያን ያሠሩት ሴባስቶፖል 7 ቶን ገደማ ይመዝናል። በ1860 ዓ.ም. መግቢያ ጉዞ ጀመረ። መንገድ እየተጠረገለት፣ የጅዳንና የበሽሎን ገደል ወርዶና ወጥቶ፣ መቅደላ የደረሰው ከስድስት ወር ገደማ በኋላ፣ በመጋቢት ነው። ሞተር የለ፣ ፍሬን የለ፤ ገመድና የሰው ክንድ እንጂ።

እስቲ እናስላ። ቁልቁለት ላይ ገመዱ ከእጅ አመለጠ እንበል፤ የሠረገላው ፍጥነትም በየሰከንዱ በ1 ሜትር በሰከንድ ይጨምር። የሚገፋው ጉልበት 7,000 ኒውተን ነው። አንድ ሰው 350 ኒውተን ቢስብ፣ ገመዱ ሳያመልጥ 20 ሰው በያዘው ነበር። ከ5 ሰከንድ በኋላ ግን ሞመንተሙ 35,000 ኪሎ ግራም ሜትር በሰከንድ ይሆናል። በ2 ሰከንድ ለማቆም 17,500 ኒውተን ያስፈልጋል፤ ቁልቁለቱም መግፋቱን አይተውምና 7,000 ይደመርበታል። ድምሩ 24,500፣ ማለት 70 ሰው! ገደሉ ቀርቦ 1 ሰከንድ ብቻ ከቀረ ደግሞ 42,000፣ ማለት 120 ሰው። የ5 ሰከንድ መዘናጋት 20ውን ሰው 120 አደረገው።

ቁጥሮቹ የኛ ግምት ናቸው፤ ሕጉ ግን አይዋሽም። የስድስት ወሩ ጉዞ የጡንቻ ብቻ ሳይሆን የንቃትም ሥራ ነበር፤ አንዱ ሲያነክስ ሌላው መጥበቅ ነበረበት።

ሚያዝያ 3 ቀን አሮጌ ላይ ጦርነቱ ሆነ፤ ሴባስቶፖል አላዳነም። ሚያዝያ 6 ቀን ንጉሡ ራሳቸውን ሠዉ። መድፉ ዛሬም መቅደላ ነው፤ አምሳያው አዲስ አበባ፣ ቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል። መጻሕፍቱ የንጉሡን ሕልም ይተርኩልናል፤ የሠሪዎቹንም ስም ይነግሩናል። የገመድ ያዦቹን ስም ግን ማን ጻፈው? ፊዚክስ ስማቸውን አይመልስልንም፤ ድካማቸውን ግን ይመዝንልናል። ከእንግዲህ መገናኛ ላይ ፍሬን ሲያንገጫግጨን፣ ሹፌሩን ከመቆጣታችን በፊት እነሱን እናስብ።